ጥቁር ጥለት

አዲስ ፍላት ቴሌቪዥን በገባበት ቤት፣ ካርቶኑ ገና ከበር ጀርባ ሳይነሣ፣ አንድ ክርክር ይነሣል። ፊልሙ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ይዞ ብቅ ይላል። «ምነው፣ ተበላሽቶ ነው እንዴ የሸጡላችሁ?» ትላለች ለቡና የመጣችው ጎረቤት። የቤቱ ልጅ ማስረዳት ሲጀምር «አንተ ደግሞ! እስቲ ሪሞቱን ለጋሼ ስጣቸው» ይባላል። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ ዕድሜ በሰጣቸው ሥልጣን አንዱን ቁልፍ ይጫናሉ። ምስሉ አበጥ ይላል፤ ጥቁሩ ይጠፋል፤ ቤቱ እፎይ ይላል። በዚያች ቅጽበት ከፊልሙ ዳርና ዳር ሁለት ሰዎች፣ አንድ ፈረስና የግርጌ ጽሑፉ የታችኛው መስመር ሳይሰናበቱ መውጣታቸውን ግን ልብ የሚል የለም። የእኔ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ ጋሼ ተሳስተዋል፤ ጥቁሩ ይቆይ። ሸማኔው ነጠላ ላይ የጣለውን ጥለት «ነጩን ቦታ ያዘብኝ» ብሎ በመቀስ የሚያነሣ ሰው አልታየም። ጥለቱ ነጠላው የት ላይ እንዳለቀ ይናገራል፤ የቴሌቪዥኑም ጥቁር መስመር ሥራው ይኸው ነው። ጥቁር ጥለት የሐዘን ነው የሚል ካለ ይሁንለት፤ የሚታዘንለት ነገር እንዳለ ወደ በኋላ እናያለን።

ነገሩ የሚጀምረው ከቴሌቪዥን በፊት ነው። (ዓመቶቹ የእኛ ናቸው ካላልኩ በቀር የፈረንጅ ናቸው።) በኤዲሰን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዲክሰን በ1890ዎቹ መጀመሪያ 35 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለውን ፊልም ወስዶ ለእያንዳንዱ ምስል የአራት ቀዳዳ ቁመት መደበለት። ከዚያ የወጣው ምስል ወርዱ አራት፣ ቁመቱ ሦስት ሆነ። ድምፅ ሲመጣ ጥቂት ተነካካ እንጂ ሲኒማ በዚሁ ልክ ስድሳ ዓመት ያህል ኖረ። ቴሌቪዥን ሲመጣም መስተዋቱን በዚያው በአራት ለሦስት ቀረጸ። ሁለቱ ተስማምተው የኖሩት ግን ሰዉ ቤቱ መቅረት እስኪጀምር ድረስ ነው። የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ወንበራቸው ሲራቆት ባለፊልሞቹ «ሳሎን ውስጥ የማይገባ ነገር እንሥራ» አሉ። በመስከረም 1952 ሲኔራማ ኒው ዮርክ ላይ በሦስት ማሳያ መሣሪያ አንድ ግዙፍ ምስል ዘረጋ። በ1953 ደግሞ ፎክስ የተባለው የፊልም ኩባንያ «ዘ ሮብ» የተባለውን ፊልም በሲኒማስኮፕ አወጣ። ዘዴው አንሪ ክሬትየን የተባለ ፈረንሳዊ ከዓመታት በፊት የፈለሰፈው ሌንስ ነው፤ ሰፊውን ምስል እንደ ነጠላ አጥፎ ጠባቡ ፊልም ላይ ያስገባዋል፤ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሌንስ መልሶ ይዘረጋዋል። የምስሉ ወርድ ከቁመቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ደረሰ። በ1959 የወጣው «ቤን ሐር» 2.76 እጥፍ ሆነና አራት አራት ፈረስ የተጠመደባቸው ሠረገላዎች እንደ ልባቸው የሚጋልቡበት ሜዳ አገኘ።

ታዲያ ከቤት ኮብልላ የወጣችው ልጅ ብዙም ሳትቆይ በሽማግሌ ተመለሰች። ሲኒማ የሸሸው ቴሌቪዥን በጥሩ ዋጋ ፊልም መግዛት ጀመረ፤ ሲኒማም ሸጠለት። በመስከረም 1961 የአሜሪካው ቴሌቪዥን ኤንቢሲ የቅዳሜ ምሽት የፊልም ፕሮግራሙን ሲከፍት ያሳየው «ሀው ቱ ሜሪ ኤ ሚሊየነር»ን ነበር፤ ማሪሊን ሞንሮን፣ ቤቲ ግሬብልንና ሎረን ባኮልን አንድ ላይ የያዘ የሲኒማስኮፕ ፊልም። ሦስት ኮከብ ጎን ለጎን ለማሰለፍ የተመቸው ስፋት አሁን ሁለት እንኳ በወጉ የማያስቀምጥ ሣጥን ውስጥ ሊገባ ነው። መፍትሔ ተብሎ የመጣው ፉል ስክሪን የምንለው ነው፦ አንድ ባለሙያ መሣሪያ ፊት ይቀመጥና ከሰፊው ምስል ላይ አራት ለሦስት የሆነ ቁራጭ ይመርጣል፤ ሌላው ይጣላል። ሒሳቡ ቀላል ነው። 2.35 እጥፍ ወርድ ካለው ፊልም 1.33 ብቻ ሲወሰድ ከእያንዳንዱ ምስል 43 በመቶው ይጣላል። «ቤን ሐር» ላይ ሲሆን ከግማሽ ያልፋል፤ ከአራቱ ፈረሶች ሁለቱ ቤት ቀሩ ማለት ነው። በምስሉ ዳርና ዳር ቆመው የሚያወሩ ሁለት ሰዎች ከሆኑም ባለሙያው ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ አንዱን አሳይቶ ሌላውን ድምፅ ብቻ ያደርገዋል፣ ወይ መሐሉን ይይዝና ከሁለቱም ወገን የአፍንጫ ጫፍ ያሳየናል። አንዳንዴ ይጨንቀውና ምስሉን ከግራ ወደ ቀኝ ይጎትተዋል፤ ዳይሬክተሩ ያላዘዘው የካሜራ እንቅስቃሴ በሰው ፊልም ውስጥ ይወለዳል።

ይህ ምን ያህል እንደሚያበላሽ ለማየት ፊልሙን ትተን አገር የሚያውቀውን የዐድዋን ሥዕል እናንሣ። በተለመደው አሣሣል በግራ ምኒልክና ሠራዊታቸው፣ በቀኝ ጣሊያን፣ ከላይ መካከል ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ አለ። ጣይቱም ወደ ግራው አሉ፤ ነጋሪት መቺውም አይጠፋም። አሁን ይህን ሥዕል ለፉል ስክሪን ባለሙያው እንስጠው። ግራውን ከያዘ ንጉሠ ነገሥቱ ያን ሁሉ ሠራዊት አስከትተው ወደ ባዶ ሜዳ ሲተኩሱ ይታያሉ፤ የተጣላቸው የለም። ቀኙን ከያዘ ጣሊያኖቹ ያለ ምንም ምክንያት ይወድቃሉ፤ ወረርሽኝ ነው የሚመስለው። መሐሉን ከያዘ አንድ ቅዱስና ብዙ ጭስ ይተርፈናል። ሠዓሊው ወገንን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ጠላትን በጎኑ በአንድ ዓይኑ የሚሥለውም ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ልዩነቱ እንዲናገር ነው፤ ለየብቻ ሲቀመጡ አንዱ ጉርድ ፎቶ፣ ሌላው የታመመ ዓይን ይሆናሉ። ሰፊ ፊልምም እንዲሁ ነው። ፊልም ሠሪው በሁለት ሰዎች መካከል ያስቀመጠው ባዶ ቦታ የመኳረፋቸው ልክ ነው፤ ቦታው ሲወጣ ኩርፊያውም ይወጣል። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ፖላክ ይህ አንገብግቦት «ስሪ ዴይስ ኦቭ ዘ ኮንዶር» የተባለ የ1975 ፊልሙን ቆርጦ ያሳየውን የዴንማርክ ቴሌቪዥን እስከ መክሰስ ደርሷል። ፍርድ ቤቱ በ1997 መቁረጡ ሥራውን ማጉደል መሆኑን አመነለት፤ በክሱ ግን ተረታ። እውነት ይዞ መረታት የእኛ አገር ችሎት ብቻ ልማድ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

እዚህ ላይ የጋሼ ወገን ዝም አይልም፤ ዝም ማለትም የለበትም። የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፦ ምስሉ ያንሳል። ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በእኛ በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ አንሥቶ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እኛ ቤት የገባው ሁሉ ባለ አራት ለሦስቱ ሆዳም ቴሌቪዥን ነበር፤ ቡፌ መሐል የሚቀመጠው፣ ሲጠፋ ዳንቴል የሚለብሰው፣ በላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ የሚቆምበት። ባለ 21 ኢንቹን ብንለካ ወርዱ 43 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። በዚህ ላይ ሲኒማስኮፕ ፊልም ሙሉ ወርዱን ይዞ ሲገባ ቁመቱ 18 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ አንድ ስንዝር እንኳ አይደለም። «ቤን ሐር» ከ16 በታች ይወርዳል። ከሳሎኑ ዳር በርጩማ ላይ ለተቀመጠ ሰው ያ ሁሉ ሠረገላ የጉንዳን ሰልፍ ነው። በዚያ ዘመን «ቁረጡልኝና ፊታቸውን ልይ» ያለ ሰው አላዋቂ አልነበረም፤ ከሁለት ጉዳት አንዱን መርጧል። በዚያም ዘመን ቢሆን እምቢ ያለ አልጠፋም። ዉዲ አለን የ1979 ፊልሙ «ማንሃተን» ለቤት ቪዲዮ ሲወጣ ሳይቆረጥ ካልሆነ አይሆንም ብሎ ሰፊውን እንዳለ አስወጥቶታል፤ ያውም ከላይና ከታች ያለው መስመር ግራጫ ነበር። ሐዘንን የፈራ ጥለት ይሏል ይህ ነው።

ይህ ተቃውሞ ግን ከሆዳሙ ቴሌቪዥን ጋር አብሮ ጡረታ መውጣት ነበረበት። የዛሬው 16 ለ9 መስተዋት ራሱ የሽምግልና ውጤት ነው። ከርንስ ፓወርስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1980ዎቹ የተለመዱትን የምስል ቅርጾች ስፋታቸውን እኩል አድርጎ ከቆረጠ በኋላ አንዱን ባንዱ ላይ ደረባቸው። ሁሉንም የሚያቅፈው የውጭ ሣጥንና ሁሉም የሚጋሩት የውስጥ ሣጥን አንድ ዓይነት ቅርጽ ሆነው አገኛቸው፤ 1.78 እጥፍ ገደማ፣ ማለትም 16 ለ9። ፍርዱ የሚደንቅ ነው። አሮጌው አራት ለሦስት እዚህ መስተዋት ላይ ሲገባ ሩቡ በግራና በቀኝ ጥቁር ይሆናል፤ የዛሬው ሰፊ ፊልም፣ ባለ 2.39ኙ፣ ሲገባም ሩቡ ከላይና ከታች ጥቁር ይሆናል። ሽማግሌው ሁለቱንም እኩል ሩብ ሩብ ቀጥቶ አስታረቃቸው። ባለ 55 ኢንቹን ብንወስድ ወርዱ 122፣ ቁመቱ 68 ተኩል ሴንቲ ሜትር ነው። ሰፊው ፊልም ከዚህ 51ዱን ይይዛል፤ ከላይና ከታች ለጥቁሩ የሚቀረው እያንዳንዱ ከዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው። የአንድ እጅ መዳፍ ወርድ ያህል ማለት ነው። ለእሷ ተብሎ ነው እንግዲህ ጎረቤት የሚጠረጥረው፣ ልጅ የሚገሠጸው፣ ሪሞት ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው።

«ገንዘብ የከፈልኩት ለሙሉው መስተዋት ነው» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ልብ ይነካል፤ ከኪስ የሚመጣ ነገር ሁሉ ልብ ይነካል። ግን እስቲ ትልቅ መሶብ የገዛች ሴት እንጀራው ዳር ዳሩን አልሞላ አለ ብላ ግራና ቀኙን ይዛ ትለጥጠዋለች? መሶቡ የሚችለውን ያህል ትልቅ ነው፤ እንጀራው በምጣዱ ልክ ነው። ቴሌቪዥን ሻጩ መስተዋቱን ሸጠ እንጂ የፊልሙን ቅርጽ አልሸጠም። እኔ እንደሚመስለኝ ግማሹን ክርክር ያሸነፈው ስሙ ነው። «ፉል» ሲባል ሙሉ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ደግሞ ሙሉ የተባለ ነገር ሁሉ የተመረቀ ነው፤ ሙሉ ልብስ፣ ሙሉ ጤና፣ ሙሉ ሰው። «ሙሉው ይሻልሃል ወይስ ጥቁር ያለበት?» ተብሎ የተጠየቀ ማን ጥቁሩን ይመርጣል? ያለ ኀፍረት 43 በመቶውን ጥሎ የመጣው ራሱን ሙሉ ብሎ ሲጠራ፣ አንድም ሳያጎድል የመጣው ግን «ከላይና ከታች ተቆርጧል» ተብሎ ይከሰሳል። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ያሉት ለዚህ ነው።

ይህን ያህል ከተናገርኩ በኋላ ለፉል ስክሪን ወገን ጥሩውን ማስረጃ ራሴ ብሰጥ ይሻላል። ከሰፊ ፊልሞች መካከል ብዙዎቹ በክሬትየን ዓይነት አጣፊ ሌንስ አልተቀረጹም። ካሜራው አራት ለሦስት የሚያህል ምስል ያነሣል፤ ሲኒማ ቤቱ ሲያሳይ ከላይና ከታች ሸፍኖ ሰፊ ያስመስለዋል። ለቤት ሲወጣ ሽፋኑ ሊነሣ ይችላል፤ ያኔ ፉል ስክሪኑ ከሰፊው የበለጠ ያሳያል። ስታንሊ ኩብሪክ «ዘ ሻይኒንግ» የተባለው ፊልሙ ቤት ውስጥ እንደዚህ እንዲታይ ፈልጎ ነበር። ይሁን እንጂ በመክፈቻው፣ ሄሊኮፕተር ላይ የተጫነው ካሜራ መኪናዋን ተራራ ለተራራ ሲከተል፣ የሄሊኮፕተሩ ጥላ ከታች ጥግ ላይ ብቅ ይላል፤ ሽፋኑ ቢኖር ያመልጠን ነበር። ቲም በርተን በ1985 የሠራው «ፒ ዊስ ቢግ አድቬንቸር» ላይ ያለው ደግሞ ያስቃል። ሰውዬው ብስክሌቱን ሊያስር ከትንሽ ሣጥን ሰንሰለት መምዘዝ ይጀምራል፤ ይመዛል፣ ይመዛል፣ አያልቅም። ቀልዱ አለማለቁ ነው። ሽፋኑ ሲነሣ ግን ሰንሰለቱ ከታች በኩል ወደ ሣጥኑ ሲገባ ይታያል፤ አስማተኛው እጅጌውን ሰብስቦ እንዳሳየን ያህል ነው። እንግዲህ «የበለጠ ማየት» ብቻውን መመዘኛ አይሆንም። ክርክሩ በሰፊና በጠባብ፣ በብዙና በጥቂት መካከል ነው ብለን ስንነሣ ነው የምንሳሳተው። ጥያቄው ዳሩ የት ይሁን ብሎ የወሰነው ማነው የሚለው ነው፦ ፊልሙን የሠራው ወይስ መስተዋቱን የሸጠው?

ስለዚህ ሰፊ ወዳዶቹም አያምልጡ። ዛሬ የበደሉ አቅጣጫ ተገልብጧል። በ1942 የወጣው «ካዛብላንካ» ከተወለደ ጀምሮ ጠባብ ነው፤ በግራና በቀኝ ጥቁር ሊኖረው ይገባል። ዲዝኒ ፕላስ በኅዳር 2019 ሥራ ሲጀምር «ዘ ሲምፕሰንስ» የተባለውን ካርቱን የድሮ ክፍሎች ሰፊ ላስመስላቸው ብሎ ከላይና ከታች ቆረጣቸው። አንዱ ክፍል ላይ የቢራ ፋብሪካ ይጎበኛል፤ በሦስት ስም የሚሸጡት ሦስት ቢራዎች ከላይ ባለ አንድ ቧንቧ ነው የሚቀዱት። ቧንቧው ሲቆረጥ ሦስት የቢራ በርሜል ብቻ ቀረ፤ ቀልዱ ከቧንቧው ጋር ሄደ። ተመልካች ጮኸ፤ ድርጅቱም በግንቦት 2020 አሮጌውን ቅርጽ መለሰ። እኛ ዘንድ ያለው ልማድ ከዚህም ይከፋል፤ መቁረጥ ሳይሆን መለጠጥ ነው። ዩቲዩብ ላይ የተጫኑ የድሮ የቴሌቪዥን ዘፈኖችን ተመልከቱ። አራት ለሦስቱ ወደ 16 ለ9 ሲለጠጥ ማንኛውም ሰው በአንድ ሦስተኛ ይወፍራል። ቀጭኑ ዘፋኝ አንገቱን ያጣል፤ ክራሩ ገንዳ ያህላል፤ ጎፈሬው ወደ ጎን ይበቅላል። እነዚያ ሰዎች በወጣትነታቸው ያልነበራቸውን ቦርጭ እኛ በሪሞት ሰጠናቸው። የተለጠጠ ምስልን ለመለየት ምህንድስና አያስፈልግም፤ ክብ መሆኑ የሚታወቅ ነገር መፈለግ ይበቃል። የግድግዳ ሰዓት፣ የመኪና ጎማ፣ ከሁሉ ደግሞ እንጀራ። እንጀራው እንቁላል ከመሰለ ምጣዱ አልተጣመመም፤ ቴሌቪዥኑ ነው።

ሦስተኛ ተቃውሞ ይቀራል፦ «ዳይሬክተሮቹ ራሳቸው ሐሳባቸውን ሲቀይሩ እኛ ለምን እንጨነቃለን?» እውነት አለው። የ«አፖካሊፕስ ናው» ካሜራ ባለሙያ ቪቶሪዮ ስቶራሮ ፊልሙ ለቤት ሲወጣ ወርዱን ወደ ሁለት እጥፍ አጥብቦታል፤ የራሱን ሥራ በራሱ መቀስ። ክሪስቶፈር ኖላንም በ2008 «ዘ ዳርክ ናይት»ን ሲሠራ አይማክስ በተባለው ግዙፍ ፊልም የተቀረጹት ትዕይንቶች ሲመጡ ምስሉ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲከፈት አድርጓል። ልብስ ሰፊው የሰፋውን ቢያጠብ መብቱ ነው፤ ጎረቤት ቢያጠበው ግን ሌላ ነው። ዜና ከሆነ ደግሞ እንደ ፈለጋችሁ አድርጉት፤ አንባቢው መሐል ላይ ነው፣ ከዳር የሚጠፋ ነገር የለም፤ ዙም ስታደርጉ ከግርጌ የሚሮጠው ጽሑፍ ቢቆረጥም ሰላም ታገኛላችሁ። ጥቁሩ ግራጫ መስሎ ዓይን የሚወጋው ሰው ካለም መብራት ያጥፋ፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ስለሚጠፋ ድካም የለውም።

አሁን ደግሞ ነገሩ ከሳሎን ወጥቶ ኪስ ገብቷል። ስልክ ቆሞ ነው የሚያዘው፤ ቲክቶክም የቆመ ምስል ይወዳል፤ 9 ለ16። ሰፊውን 16 ለ9 ቆርጦ የቆመ ሣጥን ለመሙላት ሁለት ሦስተኛውን መጣል ግድ ነው፤ የሚተርፈው ከመቶ 32 አይሞላም። የ1961ዱ ባለሙያ ከመቃብሩ ተነሥቶ ቢያይ «እኔስ ከግማሽ በላይ አስቀርቼ ነበር» ባለ። እስክስታ ጎን ለጎን ከተሰለፉት ስድስት ሰዎች መካከል የአንዱን ሁለት ትከሻና የሌላዋን አንድ ትከሻ ይዞ ይቀርባል። የአማርኛ ፊልም ቁራጭም እንደዚያው ነው፤ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዘው ፊት ለፊት የተቀመጡ ፍቅረኞች አሉ፤ እሷ የመለያየትን ነገር ለመናገር ትንፋሿን ስትሰበስብ ድምፅዋ ይሰማል፤ ስልኩ መሐል የሚታየው ግን የስኳር ዕቃና የእሱ አንድ ጆሮ ነው።